አሮጌ ቤት ምን በደለ?

በአገራችን ሰው ሲያረጅ ይከበራል፤ የብራና መጽሐፍ ሲያረጅ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ቤት ሲያረጅ ግን ይሰደባል። «አሮጌ ቤት» የሚለው ቃል በዛሬዪቱ አዲስ አበባ አንደበት «ሊፈርስ የሚገባው ቤት» ከማለት የተለየ ትርጉም ያለው አይመስልም። ቤቱ ለምን አረጀ፥ የታመመው የትኛው ክፍሉ ነው፥ ቢጠገን ስንት ዓመት ይቆማል፥ ቢፈርስስ ከፍርስራሹ ምን ይተርፋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ፍርዱ ከምርመራው በፊት የተሰጠ ይመስላል።

እኔ የሥነ ሕንፃ ተማሪ አይደለሁም። ነገር ግን በዚሁ ጉዳይ በቤተ ሰቤ መካከል ከባድ ክርክር ተነሥቶ፥ ክርክሩም ወደ ሥራ ተለውጦ ስላየሁ፥ ያየሁትን ለጓደኞቼ ማካፈል ይገባኛል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። ነገሩ የአንድ ቤት ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ የማኅበራችንን ወረቀትና ቀለም ባላባከንሁ ነበር።

ቤታችን የሚገኘው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፥ ጦር ኃይሎች በሚባለው ሰፈር ነው። ሆስፒታሉን የማያውቅ ሰው ቢኖር እንኳ ባቡሩን ያውቃል፤ ከአያት ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚመጣው የቀላል ባቡር መስመር በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት መጨረሻው እዚሁ ሆኗልና። ወንድ አያቴ ወታደር ነበሩ። ቤቱን በ1958 ዓ.ም. ሲያቆሙት በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፥ በጭቃና በጤፍ ጭድ፥ በቆርቆሮ ክዳን ነበር፤ በጊዜው አብዛኛው የከተማው ሰው ቤት ይሠራ የነበረው እንዲሁ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣም፥ ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይፈቀድ ስለ ነበረና አያቴም ከዚህ አንድ ቤት በቀር ሌላ ስላልነበራቸው፥ ቤቱ በእጃችን ቀረ።

ስድስት ሜትር በዘጠኝ ሜትር በሆነው በዚህ ቤት ውስጥ ሰባት ሰዎች እንኖር ነበር። ክረምት በመጣ ቍጥር ጣራው ያፈሳል፤ ግድግዳው ከሥሩ ይረግፋል፤ በጓዳው በኩል ያለው ማዕዘን ወደ ውጭ ማዘንበል ጀምሮ ነበር። በመስከረም 2017 ዓ.ም. አጎቴ ቤተ ሰቡን ሰብስበው አሳባቸውን አቀረቡ። አሳባቸውም አሮጌው ቤት ፈርሶ በብሎኬትና በሲሚንቶ አዲስ እንዲሠራ፥ ገንዘቡም የቤቱን ካርታ በመያዣነት ሰጥቶ በብድር እንዲገኝ ነበር።

«እማዬ፥ ይህ ቤት በቅቶታል» አሉ አጎቴ። «ሰው ሁሉ ፎቅ ሲሠራ እኛ እስከ መቼ በጭቃ ውስጥ እንኖራለን? ልጆቹስ ጓደኞቻቸውን ወዴት ያምጡ?»

አያቴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፥ ቤቱ የታመመው እግሩን ነው። እግሩን የታመመ ሰው አንገቱን ይቈረጣልን?» ሲሉ መለሱ።

የአጎቴን አሳብ አቃልዬ ላልፈው አልፈልግም። የተናገሩት የብዙ ሰው ልብ ነው። ታናሽ እኅቴም በዚያ ቀን ከአጎቴ ጋር ቆመች፤ በትምህርት ቤቷ «የጭቃ ቤት ልጅ» መባል ስድብ መሆኑን በእንባ ነገረችን። ሆኖም በሌላው ወገን ያለው አደጋም ቀላል አልነበረም። ቤቱ ሲፈርስ ቢያንስ ለአንድ ዓመት በኪራይ መኖር ሊያስፈልግ ነው። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አያቴ ከቡና ጎረቤቶቻቸውና ከእድራቸው ሊለዩ ነው። ብድሩን መክፈል ቢያቅተን ደግሞ አዲሱም ቤት፥ አሮጌውም ቤት፥ ቦታውም አንድ ላይ ሊሄዱ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት የተነገረው እንደዚህ ላለ ጊዜ ነው።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ፥ ከመወሰናችን በፊት ቤቱ በሚያውቅ ሰው ይመርመር በሚለው ተስማማን። በሰፈራችን በአናጢነትና በግንበኝነት ያረጁ፥ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ፤ እርሳቸውን ለመንን። ጋሼ አንድ ቀጭን ብረት ይዘው መጡና የእያንዳንዱን ቋሚ እግር እየወጉ ቤቱን ዞሩት። ከአርባ ስድስቱ ቋሚዎች አሥራ ሰባቱ ከመሬት እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ በስብሰው ተገኙ። ከዚያ በላይ ግን ሁሉም ደኅና ነበሩ፤ ብረቱ አልገባ አለ። ወራጆቹም ከአምስቱ በቀር ጤነኞች ነበሩ።

ጋሼ የበሽታውን ምክንያት ሁለት ብለው ነገሩን። አንደኛው፥ በብዙ ዓመታት ውስጥ መንገዱ በተጠገነና አፈር በተደፋ ቍጥር የግቢያችን መሬት ከፍ ከፍ እያለ ሄዶ የግድግዳውን ሥር ቀብሮታል፤ ስለዚህ የዝናቡ ውሃ ከግድግዳው ይሸሽ የነበረው ወደ ግድግዳው ይመጣ ጀመር። ሁለተኛው፥ ከሃያ ዓመት በፊት «ቤቱ እንዲጠነክር» ተብሎ የግድግዳው ግርጌ በሲሚንቶ ተለስኖ ነበር። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ስለ ሆነ አብሮት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃም መውጫ አጥቶ በውስጥ ይቀራል፤ በዚያ እርጥበት እንጨቱ ይበሰብሳል፥ ምስጥም ይመጣበታል። እንግዲህ ቤቱን ያሳመመው እርጅናው አልነበረም፤ መድኃኒት ተብሎ የተሰጠው ነገር ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሲሚንቶ አንድ ነገር ልበል። ሲሚንቶ የሚገኘው የኖራ ድንጋይና ሸክላ እስከ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ተቃጥሎ ነው። ለማቃጠያው ከሚወጣው ጢስ ሌላ፥ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል በውስጡ የነበረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቃል። በዓለም ላይ በሰው ሥራ ምክንያት ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ከመቶ ሰባት ወይም ስምንት እጅ ያህሉ ከሲሚንቶ የሚመጣ ነው። ይህን የምለው ሲሚንቶ ይጥፋ ለማለት አይደለም፤ ድልድይና ግድብ ያለ እርሱ አይቆምም። ነገር ግን አንድ ባለ ምድር ቤት መኖሪያ፥ አፈሩ ከግቢው፥ እንጨቱ ከአጠና ተራ፥ ጭዱ ከገበያ የሚገኝለት ሆኖ ሳለ፥ ሁለንተናው ከሲሚንቶ ካልሆነ ቤት አይባልም ማለት ከልማድ ያለፈ ምክንያት ያለው አይመስለኝም።

የጋሼን ግምት ስንሰማ ጥገናውና ሁለት ክፍል መጨመሩ በአንድነት፥ አፍርሶ ከመሥራቱ ወጪ ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ። አጎቴ እያጕረመረሙም ቢሆን ተስማሙ። አያቴም ለማዳን የሚቻለውን ሁሉ አድኑት፥ የማይቻለውን ብቻ ለውጡት ብለው ፈረዱ። የሚያስፈልገው የግንባታ ፈቃድ ከወጣ በኋላ፥ ዝናቡ ቆሞ ጭቃው በደንብ የሚደርቅበትን ወቅት ጠብቀን በጥቅምት መጨረሻ ሥራ ጀመርን።

ዕቃ ፍለጋው ወደ መርካቶ ወሰደን። ውድ አንባቢ፥ ምናለሽ ተራን ካላየህ አዲስ አበባን አየሁ አትበል። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያሉ የሚዞሩት ሰዎች የሚሰበስቡት ብዙ ነገር መድረሻው ይህ ነው፤ ቆራሌው ማለትም «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ ያጠረ ነው ይባላል። እዚያ የጎበጠው ይቃናል፤ የተቀደደ በርሜል ተዘርግቶ ምድጃ ይሆናል፤ የፈረሰ ቤት በርና መስኮት እንደ ገና ቤት ይጠብቃል። ሌላው ዓለም ዛሬ አዲስ ስም አውጥቶለት ጉባኤ የሚቀመጥበትን ነገር የመርካቶ ሰው ድህነትና ብልሃት አስተምረውት ሲሠራው ኖሯል።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር በፒያሳና በሌሎችም ሰፈሮች ብዙ አሮጌ ቤቶች ስለ ፈረሱ፥ የበርና የመስኮት ያለህ አይባልም ነበር። ከጥድና ከዝግባ የተሠሩ፥ ዛሬ በዚያ ውፍረት ቢሠሩ ዋጋቸው የማይቀመስ በሮች በግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እኛም ሁለት በሮች፥ አራት መስኮቶች፥ አራት መቶ ያህል የሸክላ ጡብ፥ ሠላሳ ቅጠል ደኅና ቆርቆሮ ገዛን። ጋሼ ቆርቆሮውን እያንዳንዱን ወደ ፀሐይ እያነሡ ቀዳዳውን ይመረምሩ ነበር። እንጨቱንም በጥፍራቸው ጫር እያደረጉ ያሸቱታል፤ ጥድ ከስንት ዓመት በኋላም ሽታው አይጠፋምና።

ሁሉም አሮጌ ነገር ግን አይገዛም። ጋሼ ሦስት ነገር ከለከሉን። ያገለገለ የኤሌክትሪክ ሽቦ፥ ልባሱ ደርቆ ስለሚሰነጠቅ እሳት ያስነሣል። ደጋግሞ የታጠፈና የተቃና ፌሮ ብረት ኃይሉን ያጣል። ምስጥ የገባበት እንጨት ደግሞ ምንም ቢረክስ በሽታውን ይዞ ይመጣል። እነዚህን አዲስ ገዛን። አሮጌውን መውደድና በአሮጌ መታለል ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው።

ከገዛናቸው በሮች የአንደኛው መቃን ላይ የልጆች ቁመት የተለካበት የእርሳስ ምልክት ነበረ፤ በየምልክቱ ጎን ዓመተ ምሕረት ተጽፎአል። አናጢው ልጅ ሊልገው መላጊያውን ሲያነሣ አያቴ አዩና ከለከሉት። «የሰው ልጆች ያደጉበት ነው፤ ተወው» አሉ። ምልክቱ ዛሬም በቤታችን አለ። እነዚያ ልጆች አሁን የት እንዳሉ ማን ያውቃል? የፈረሰ ቤት ዕቃ ሲገዙ ርካሽ ማግኘት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ያ ዕቃ ከአንድ ሰው ቤት የወጣ መሆኑን መርሳት አይገባም። እኛ ቤታችንን ማዳን የቻልነው የሌላው ቤት ስለ ፈረሰ ጭምር ነው። ይህን አሳብ እስከ ዛሬ ከልቤ ማውጣት አልቻልሁም።

ወደ ሥራው ልመለስ። መጀመሪያ በቤቱ ዙሪያ የተከማቸው አፈር ተቈፍሮ ተነሣ፤ ውሃውም ወደ ውጭ እንዲሄድ ቦይ ተቀደደለት። የበሰበሱት ቋሚዎች ጣራው በድጋፍ ተይዞ ከጉልበት በታች ተቈረጡና በፈረሰው አጥራችን ድንጋይ በተሠራ መሠረት ላይ ተቀመጡ፤ ከእንግዲህ እንጨቱ መሬት አይነካም። የሲሚንቶው ልስን ተፍቆ ተነሣ። ከግቢው የወጣው አፈር ቀይ ስለ ነበረ ለምርጊት ሆነ፤ መረሬ ቢሆን ኖሮ ሲደርቅ በጣም ስለሚሰነጠቅ አይጠቅመንም ነበር። አፈሩን ለመመርመር የተማርሁት ቀላል ዘዴ አለ፤ በጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር በጥብጦ ማስቀመጥ ነው። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፥ ደቃቁ አፈር በሰዓታት ውስጥ ይከተላል፥ ሸክላው ግን እስከ ማግስቱ ድረስ ውሃውን አደፍርሶ ይቆያል። ከንብብሩ ውፍረት የአፈሩ ጠባይ ይታወቃል።

ጭቃው በጭድ ተለውሶ፥ በየሦስት ቀኑ ውሃ እየተጨመረበትና እየተረገጠ ለሦስት ሳምንት ቦካ። ሽታው ጎረቤት ሁሉ አስነጠሰ፤ ሲቦካ ግን ሙጫ ይሆናል፥ ጭዱም ስንጥቁን ይይዛል። ለእርገጣው ቀን አያቴ ቡና አፈሉ፥ ንፍሮ ቀቀሉ፤ የእድሩ ሰዎች፥ የሰፈሩ ወጣቶች፥ ከዩኒቨርሲቲም አምስት ጓደኞቼ መጡ። በሲሚንቶ ሥራ ላይ ጎረቤት ቆሞ ይመለከታል፤ በጭቃ ሥራ ላይ ግን ሱሪውን ሰብስቦ ይገባል። ለዚህ ነው ደቦ የሚባለው ነገር ከጭቃ ቤት ጋር አብሮ የኖረው። «የጭቃ ቤት ልጅ» ተብዬ ተሰደብሁ ያለችው እኅቴም በዚያ ቀን እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ ስትስቅ አየኋት። ስድቡ ተረሳ ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን የጭቃ ቤት ምን እንደሚጠይቅ ከሰዳቢዎቿ ይልቅ እርስዋ አወቀች።

አዲሶቹ ሁለት ክፍሎች ስድስት ሜትር በአራት ሜትር ሆነው ከቤቱ ጀርባ ተጨመሩ። ግድግዳቸው እስከ መስኮቱ ግርጌ ድረስ ካገለገለው ጡብ፥ ከዚያ በላይ ከእንጨትና ከጭቃ ነው፤ ውጪው በኖራ ተቀባ። ኖራ ዝናቡን ይመልሳል፥ የግድግዳውን እርጥበት ግን አያፍንም። የመስኮቶቹን አቅጣጫ የመረጥነው በፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፥ ብርዱ በሚጠናበት በታኅሣሥ ፀሐይ በእኩለ ቀን ወደ ደቡብ አዘንብላ ትታያለች። ስለዚህ ትልልቆቹ መስኮቶች ወደ ደቡብ ተከፈቱ፤ የአያቴ መኝታ ግን የማለዳዋን ፀሐይ እንዲያገኝ ወደ ምሥራቅ ሆነ። የጭቃው ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ ብሎ ይመልሳል፤ ለዚህ ምንም መብራት አይከፈልበትም።

ጣራው ከግድግዳው በሁሉም ወገን ስድሳ ሳንቲ ሜትር እንዲያልፍ ተደረገ፤ ዙሪያውንም አሸንዳ ገባለት። አሁን የጣራው ስፋት መቶ ካሬ ሜትር ያህል ነው። በአዲስ አበባ በዓመት በአማካይ 1200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይዘንባል። ሒሳቡን ብንሠራው በጣራችን ላይ በዓመት 120 ሜትር ኩብ ውሃ ይወርዳል፤ አንድ አምስተኛው በከንቱ ቢፈስ እንኳ 96 ሺሕ ሊትር ይቀራል። የእኛ ታንከር የሚይዘው ሁለት ሺሕ ሊትር ብቻ ስለ ሆነ በክረምት አብዛኛው ሞልቶ ይፈሳል፤ ጣራውም አሮጌ ቆርቆሮ ስላለበት ውሃው ለመጠጥ አይሆንም። ቢሆንም ለልብስ፥ ለመጸዳጃና ለአትክልት ስለሚበቃን፥ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሥራው በመካከል ሳለ አንድ ፈተና መጣ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማ እንደ ነበረ ሁላችን እናስታውሳለን። ጋሼ አስቀድመው አዲሱና አሮጌው ግድግዳ በሚገናኙበት ቦታ የሁለት ጣት ክፍተት ትተው በገመድና በጭድ ደፍነውት ነበር፤ ምክንያቱም ሁለት ዕድሜ ያላቸው ግድግዳዎች እኩል አይወዛወዙም። የእንጨትና የጭቃ ግድግዳም ማገሩ እንደ ቅርጫት ስለሚያያይዘው እየተለመጠ ይችላል፤ ማሰሪያ የሌለው የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግንብ ግን ይሰነጠቃል። ቤታችን ከጥቂት የልስን ፍርፋሪ በቀር ምንም አልሆነም። ንዝረቱ በእኛ ዘንድ ቀላል ስለ ነበረ ይህን እንደ ትልቅ ማስረጃ አላቀርበውም፤ የጥንት አናጢዎች ያለ ምክንያት እንዳልሠሩ ግን ያሳያል።

ይህ ሁሉ የአንድ መንደር ብልሃት ብቻ ነው የሚል ቢኖር፥ ወደ ሰፋው ዓለም ዓይኑን ያንሣ። ከጦር ኃይሎች ብዙ ሳይርቅ፥ ልደታ በሚገኘው የኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ፥ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ፥ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ከዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመተባበር ከአፈር የተሠራ ባለ ፎቅ የሙከራ ቤት ቆሟል፤ ወለሉና ጣራው ከስስ የአፈር ጡብ የተገነባ ቅስት ነው። በመካኒሳ ደግሞ መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ግድግዳዎቹ በጭቃና በጭድ የተሠሩ ናቸው። ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ በሚገዛው አሮጌ ሽቦና የኮምፒዩተር ስብርባሪ የሠራቸው ሥዕሎች በታላላቅ የውጭ ሙዚየሞች ታይተዋል። የቡርኪና ፋሶው ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ በተወለደበት በጋንዶ መንደር በ2001 እ.ኤ.አ. ከሸክላ አፈር ትምህርት ቤት ሠርቶ፥ በ2022 እ.ኤ.አ. ፕሪትዝከር የተባለውን ታላቅ የሥነ ሕንፃ ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ጥቁር ሆነ። ከእርሱ በፊት በነበረው ዓመት ሽልማቱን ያገኙት አን ላካቶንና ዣን ፊሊፕ ቫሳል የሚታወቁት ከማፍረስ ይልቅ በመጨመር ነው፤ በቦርዶ ከተማ 530 መኖሪያዎች ያሏቸውን አሮጌ ፎቆች ሳያፈርሱ፥ ነዋሪውንም ሳያስወጡ አስፍተዋቸዋል።

ታሪክ ማስጠንቀቂያም አለው። ግብፃዊው ሐሰን ፋቲ ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ በሉክሶር አጠገብ አዲስ ጉርና የተባለ ውብ የጭቃ ጡብ መንደር ሠራ። ሊሰፍሩበት የታሰቡት ሰዎች ግን ከቀድሞ ቦታቸው መነሣትን ስላልወደዱ መንደሩ እንደ ታሰበው አልሞላም። እንግዲህ መልካም ቤት በመልካም ጭቃ ብቻ አይሠራም፤ የሚኖርበት ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል። በእኛም ቤት ሥራው የተሳካው አያቴ ስለ ፈረዱ፥ አጎቴም እየተከራከሩ አብረው ስለ ሠሩ ነው።

የጭቃ ቤት ለሁሉ ቦታ መድኃኒት ነው አልልም። ሕዝብ በበዛበትና ቦታ በጠበበበት ሰፈር ወደ ላይ መሥራት ግድ ነው። የጭቃ ግድግዳ በየሁለት ሦስት ዓመቱ መለሰን፥ መቀባት ይፈልጋል፤ ሰነፍ ባለቤት አይስማማውም። በቀበሌ ቤት የሚኖረው ደግሞ ቤቱ የራሱ ስላልሆነ፥ ቢፈቀድለትም ነገ ለማላውቀው ነገር ዛሬ ለምን ላውጣ ይላል፤ አይፈረድበትም። የአሮጌ ቤት ጥገና ከጭቃና ከእንጨት በፊት የሚፈልገው ዋስትናን ነው። «አትፈናቀልም» የተባለ ሰው ግድግዳውን ራሱ ይለስነዋል።

ታዲያ የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ምንድን ነው? እንደ ጋሼ ያሉ ሰዎች የሚያውቁት በመጽሐፍ አልተጻፈም። የቋሚውን እግር በብረት መውጋት፥ የጥዱን ሽታ መለየት፥ የጭቃውን መቡካት በእጅ መፈተሽ ከእነርሱ ጋር የሚቀበር ዕውቀት ነው። የምሕንድስና ተማሪ ይለካው፤ የኬሚስትሪ ተማሪ የቦካው ጭቃ ለምን እንደሚጠነክር ይመርምር፤ የሕግ ተማሪ የተከራይን የመጠገን መብት ያጥና፤ የኢኮኖሚ ተማሪ ምናለሽ ተራ ለከተማው የሚያድነውን ሀብት ይቁጠር፤ የታሪክ ተማሪ ከመፍረሳቸው በፊት ቤቶቹን ይመዝግብ፥ ከነበሩባቸውም ሰዎች ይጠይቅ። ለዚህ ከውጭ አገር የሚመጣ ገንዘብ መጠበቅ አያሻም። ማስታወሻ ደብተርና አንድ ሜትር ይበቃል።

አጎቴ እስከ ዛሬ ድረስ የብሎኬት ቤት ይሻል ነበር ይላሉ፤ ምናልባትም አንድ ቀን ይሠሩ ይሆናል። ነገር ግን የቤቱ ካርታ በአያቴ ሣጥን ውስጥ እንዳለ ነው። ዕዳ የለብንም፤ የእኅቴም የትምህርት ገንዘብ አልተነካም። በነሐሴ ዝናብ በወለሉ ላይ ባልዲ የምንደረድርበት ዘመን አልፏል። አንድ ነገር አርጅቷል ከማለታችን በፊት እግሩን ዝቅ ብለን እንመርምር፤ ከዚያ በኋላ መፍረስ ያለበት ከሆነ ይፍረስ፥ መዳን የሚችል ከሆነ ግን በእጃችን እናድነው።